የለስላሳ መጠጥ አሲድ እንዴት ይለካል?

በደብረ ብርሃን ከተማ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። የአሲድና የቤዝ ምዕራፍ ላይ በደረስን ቁጥር አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ መጽሐፉ ውስጥ የሌለ ጥያቄ ይጠይቀኛል፤ «ቲቸር፣ የበለጠ አሲድ ያለው ጥቁሩ ለስላሳ ነው ወይስ ነጩ?» ክፍሉ ወዲያው ለሁለት ይከፈላል። አብዛኛው ጥቁሩ ነው ይላል፤ ጥርስ ቢዘፈዘፍበት አንድ ሌሊት ሳይሞላ ይቀልጣል ሲባል ሰምቷል። ነጩን የሚሉት ደግሞ ምላሳቸውን ምስክር ይጠራሉ፤ ሎሚ ሎሚ የሚለው እሱ ነው ይላሉ።

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ። በወሬም በምላስም አይፈታም፤ መለካት ይፈልጋል። ለመለካት የሚያስፈልገውም ብዙ አይደለም፤ ልኬት የተጻፈበት የመስታወት ቱቦ፣ ጥንካሬው የታወቀ የኮስቲክ ሶዳ ብጥብጥና ጠንቃቃ እጅ ይበቃሉ። ዘዴው ታይትሬሽን ይባላል። የመጠጥ ፋብሪካዎች የጥራት ላቦራቶሪ ይጠቀምበታል፤ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪም በአንድ ክፍለ ጊዜ ሊሠራው ይችላል። በየሰርጉ፣ በየልደቱና በየምሳ ጠረጴዛው የምናቀርበው መጠጥ ውስጥ ያለው አሲድ እንዴት እንደሚታወቅ ማንኛውም ሰው ሊረዳው ይገባል ብዬ አምናለሁ። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩትም ለዚያ ነው። በጽሑፉ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አሲዱ ለምን ይጨመራል?

ጠርሙሱን አዙራችሁ በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን አንብቡ። የሎሚ ጣዕም ያለው ነጭ ለስላሳ ላይ «ሲትሪክ አሲድ» ወይም «ኢ330» የሚል ታገኛላችሁ። ጥቁሩ ኮላ ላይ «ፎስፎሪክ አሲድ» ወይም «ኢ338» ተጽፏል። ሲትሪክ አሲድ ሎሚን፣ ብርቱካንንና መንደሪንን የሚያኮመጥጠው አሲድ ነው። የስዊድኑ ኬሚስት ካርል ቪልሄልም ሼሌ በ1784 ከሎሚ ጭማቂ ለይቶ አወጣው። ዛሬ ለፋብሪካ የሚቀርበው ግን በአብዛኛው ከሎሚ የተጨመቀ አይደለም። አሜሪካዊው ጄምስ ካሪ አስፐርጊለስ ኒጀር የተባለው ጥቁር ሻጋታ ስኳር እየተመገበ ሲትሪክ አሲድ በብዛት እንደሚሠራ በ1917 አሳየ፤ ዛሬ የዓለም ገበያ በአብዛኛው የሚያገኘው ከዚህ ሻጋታ ነው። ፎስፎሪክ አሲድ ደግሞ መነሻው ፎስፌት ያለበት ዓለት ነው።

አሲዱ ሁለት ዋና ሥራ አለው። የመጀመሪያው ጣዕም ነው። መደበኛ ለስላሳ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 10 ግራም ገደማ ስኳር አለው፤ ያለ አሲድ ቢጠጣ አፍ ላይ የሚጣበቅ ተራ የስኳር ውሃ ይሆን ነበር። ሁለተኛው መጠጡን ከመበላሸት መጠበቅ ነው። ብዙ ባክቴሪያዎች በአሲዳማ ነገር ውስጥ አይራቡም፤ ብዙ መጠጦች ላይ የሚጨመረው ሶዲየም ቤንዞዌት የተባለው መከላከያም የሚሠራው መጠጡ አሲዳማ ሲሆን ነው። ስለዚህ የአሲዱ መጠን ከታሰበው ሲያንስ ጣዕሙም ዕድሜውም ይጎዳል፤ ሲበዛ ደግሞ መጠጡ ጉሮሮ ይነካል። ፋብሪካው የሚለካበት ምክንያት ይህ ነው።

ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች

«አሲዱ ስንት ነው?» የሚለው ንግግር ሁለት ጥያቄ ተሸክሟል፤ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

አንደኛው ጥያቄ መጠጡ በዚህች ቅጽበት ምን ያህል ኃይለኛ ነው የሚለው ነው። ይህ በፒኤች ይገለጻል። ፒኤችን በ1909 ያቀረበው በኮፐንሃገን የካርልስበርግ ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ሶረን ሶረንሰን ነው። ንጹሕ ውሃ 7 ላይ ነው፤ ቁጥሩ በአንድ በቀነሰ መጠን የአሲዱ ኃይል አሥር እጥፍ ይጨምራል። ኮላ 2.5 አካባቢ ነው፤ የሎሚ ጣዕም ያለው ነጭ ለስላሳ ከ3 ጥቂት ከፍ ይላል፤ የብርቱካን ጭማቂ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ3.5 በላይ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ በመጠጡ ውስጥ በጠቅላላው ስንት አሲድ አለ የሚለው ነው። ፒኤች ምድጃ ውስጥ እየነደደ ያለው እሳት ነው ብንል፣ ጠቅላላው አሲድ ገና ያልተማገደውንም እንጨት ይጨምራል። የእሳቱን ወላፈን ያየ ሰው ደጅ ስንት ሸክም እንደተቆለለ አያውቅም። ሲትሪክ አሲድ ደካማ አሲድ ነው፤ አንዱ ሞለኪውል ሦስት ሃይድሮጅን ለመስጠት የሚችል ሲሆን በአንድ ጊዜ የሚለቀው ግን ጥቂቱን ነው። የተለቀቀው ሲወሰድበት ሌላ ይለቃል፤ እሱም ሲወሰድ ደግሞ ይለቃል። ታይትሬሽን ማለት ይህን ክምችት አሲድን በሚያለዝብ ንጥረ ነገር፣ በቤዝ፣ ጠብታ እየወሰዱ እስኪያልቅ መቁጠር ነው።

የፒኤች ሜትር ራሱ ታሪኩ ከሎሚ ጋር የተያያዘ መሆኑን ስነግራቸው ተማሪዎቼ ይደሰታሉ። በ1934 በካሊፎርኒያ የሎሚና የብርቱካን አምራቾች ማኅበር ውስጥ የሚሠራ ኬሚስት የጭማቂ አሲድ መለካት ተቸግሮ ነበር፤ ጭማቂው እንዳይበላሽ የሚጨመርበት ሰልፈር ዳይኦክሳይድ አሲዱን በቀለም ለውጥ የሚያሳዩትን ንጥረ ነገሮች ያነጣቸው ነበርና። የቀድሞ የትምህርት ቤት ጓደኛውን አርኖልድ ቤክማንን አማከረ። ቤክማን በኤሌክትሪክ የሚለካ ጠንካራ መሣሪያ ሠራለት፤ በዓለም ላቦራቶሪዎች ሁሉ ያለው የፒኤች ሜትር ከዚያ ተነሣ።

ቱቦው፣ ጠብታውና ቀለሙ

ታይትሬሽን ከፒኤች ሜትር በፊት የነበረ ዘዴ ነው፤ የተወለደውም በሥራ ቦታ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በፈረንሳይዋ ሩዋን ከተማ ሸማ የሚያነጡ ፋብሪካዎች የማንጫውን ኃይል ማወቅ ነበረባቸው፤ ከበዛ ጨርቁን ይበላል፣ ካነሰ አያነጣም። ዴክሯዚል የተባለው ኬሚስት ለዚህ ብሎ ልኬት የተጻፈበት ቱቦ ሠራ። ፈረንሳዊው ኬሚስት ጌይ ሉሳክ በ1824 ለሚያንጠባጥበው ቱቦ «ቢዩሬት»፣ የተወሰነ መጠን ለክቶ ለሚያነሣው ደግሞ «ፒፔት» የሚሉትን ስሞች በጽሑፉ ተጠቀመ፤ ጀርመናዊው ካርል ፍሪድሪክ ሞር ደግሞ በ1855 ባሳተመው መጽሐፍ ዘዴውን ሥርዓት አስያዘው።

ሥራው የሚጀምረው ጋዙን በማስወጣት ነው፤ የሚዘለውም ይኸው ነው። ለስላሳው የሚንፎለፎለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስላለበት ነው፤ ይህ ጋዝ ከውሃ ጋር ሲገናኝ ካርቦኒክ አሲድ ይሆናል። አዲስ በተከፈተ ጠርሙስ ውስጥ ጋዙ የሚጠጣው ቤዝ ሲትሪክ አሲዱ ከሚወስደው በብዙ እጥፍ ሊበልጥ ስለሚችል፣ ሳያስወጡ የለካ ሰው የለካው ጋዙን ነው። መጠጡን ከአንዱ ቢከር ወደ ሌላው ደጋግመን እንገለብጣለን፤ አረፋው ሲረጋ በፒፔት 25 ሚሊ ሊትር እንለካና ፍላስክ ውስጥ እንጨምራለን፤ ከዚያ ቀስ አድርገን እናሞቀውና እናቀዘቅዘዋለን። ቅደም ተከተሉ ትልቅ ነገር ነው። አስቀድሞ ሞቆ ውሃው የተነነበትን መጠጥ በኋላ የለካ ሰው የሚይዘው የወፈረ ናሙና ነው። መጀመሪያ ከተለካ ግን ውሃው ቢተንም አሲዱ እዚያው ፍላስኩ ውስጥ ነው፤ የተጣራ ውሃ ብንጨምርበትም የአሲዱ መጠን አይለወጥም።

ቤዙ ሶዲየም ሃይድሮኦክሳይድ ነው፤ ሳሙና የሚሠሩ ሰዎች ኮስቲክ ሶዳ የሚሉት። 4 ግራም ያህሉ በአንድ ሊትር ሲሟሟ 0.1 ሞላር ይሆናል፤ ሞላር የብጥብጥ ጥንካሬ መለኪያ ነው። «ያህሉ» ያልኩት በምክንያት ነው። ኮስቲክ ሶዳ ከአየር እርጥበትም ካርቦን ዳይኦክሳይድም ይስባል፤ ሚዛን ላይ ያየነው 4 ግራም ንጹሕ 4 ግራም አይደለም። ስለዚህ ጥንካሬውን በሌላ እናረጋግጣለን። ፖታሲየም ሃይድሮጅን ፍታሌት የሚባል እርጥበት የማይስብ ነጭ ጨው አለ፤ 0.5105 ግራሙ በትክክል 25 ሚሊ ሊትር 0.1 ሞላር ቤዝ ይፈጃል። 25.8 ከፈጀ ቤዛችን ከታሰበው ደክሟል ማለት ነው፤ ትክክለኛ ቁጥሩን አስልተን ጠርሙሱ ላይ ከነቀኑ እንጽፋለን።

ቢዩሬቱን የምናለቀልቀው በራሱ በቤዙ ነው፤ ውሃ ከቀረበት ቤዙን ያቀጥነዋል። ፍላስኩን ግን በተጣራ ውሃ ብቻ እናለቀልቃለን። የቢዩሬቱ ጫፍ ላይ የአየር አረፋ እንዳይኖር እናያለን፤ የሞላንበትን ማንቆርቆሪያ እናነሣለን፤ ንባቡን የምንወስደው ዓይናችንን ከፈሳሹ ገጽ ጋር አስተካክለን፣ ከጎድጓዳው መሐል ዝቅተኛ ነጥብ ላይ ነው። ከፍላስኩ ሥር ነጭ ወረቀት እናነጥፋለን።

ከዚያ ሁለት ወይም ሦስት ጠብታ ፊኖልፍታሊን። ይህ በአሲድ ውስጥ ቀለም የሌለው፣ ፒኤቹ ከ8 አልፎ ጥቂት ሲሄድ ሮዝ የሚሆን ንጥረ ነገር ነው። ቤዙ ሲንጠባጠብ ጠብታው ያረፈበት ቦታ ሮዝ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። መጀመሪያ ቶሎ ይጠፋል፤ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ እያመነታ ይጠፋል። ያኔ ቧንቧውን እናጠብቅና ጠብታ በጠብታ እንሄዳለን። ፍላስኩ በሙሉ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ሆኖ 30 ሰከንድ ከቆየ ደርሰናል። ተማሪዎቼ ደማቅ ቀለም ያምራቸዋል፤ ደማቅ ሮዝ ግን ከልክ ማለፍ ነው። በቆይታ ቀለሙ ቢጠፋ አያስደነግጥም፤ የክፍሉ አየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ገብቶበት ነው። ሥራውን እንደግማለን፤ ሁለት ወይም ሦስት ውጤቶች በ0.1 ሚሊ ሊትር ውስጥ ሲስማሙ አማካዩን እንወስዳለን።

ስሌቱ

የሎሚ ጣዕም ካለው ለስላሳ የወሰድነው 25 ሚሊ ሊትር 5.0 ሚሊ ሊትር ቤዝ ፈጀ እንበል። አንድ የሲትሪክ አሲድ ሞለኪውል ሦስት የሶዲየም ሃይድሮኦክሳይድ ስለሚወስድ፣ እያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 0.1 ሞላር ቤዝ 6.4 ሚሊ ግራም ሲትሪክ አሲድ ያሳየናል። 5.0 በ6.4 ሲባዛ 32 ሚሊ ግራም ነው። ይህ በ25 ሚሊ ሊትር ውስጥ ያለው ነው፤ በአንድ ሊትር 1.28 ግራም፣ በ300 ሚሊ ሊትሩ ጠርሙስ 0.38 ግራም ገደማ ይሆናል።

ጥቁሩ ላይ ስንመጣ ችግር አለ፤ ቀለሙ ሮዙን ይውጠዋል። አቅጥኖ፣ ቤዝ ያልተጨመረበት ሌላ ፍላስክ ጎን አስቀምጦ እያነጻጸሩ መሞከር ይቻላል፤ አስተማማኙ ግን የፒኤች ሜትር ነው። በየጥቂቱ ቤዝ እየጨመርን ቁጥሩን እንመዘግብና ግራፍ እንሠራለን። ፎስፎሪክ አሲድም ሦስት ሃይድሮጅን አለው፤ የመጀመሪያውን ሲጨርስ ፒኤቹ 4.7 አካባቢ ላይ ግራፉ ሽቅብ ይዘላል። እዚያ ላይ አንዱ ሚሊ ሊትር 0.1 ሞላር ቤዝ ከ9.8 ሚሊ ግራም ፎስፎሪክ አሲድ ጋር እኩል ነው። ኮላ በሊትር ግማሽ ግራም ገደማ ፎስፎሪክ አሲድ ስላለው 50 ሚሊ ሊትሩ 2.6 ሚሊ ሊትር ቤዝ ብቻ ይፈጃል። ይህ ትንሽ ንባብ ነው፤ የ0.05 ሚሊ ሊትር ስሕተት ውጤቱን በ2 በመቶ ያዛባዋል። ቤዙን ወደ 0.02 ሞላር ብናቀጥነው ንባቡ 13 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ ስሕተቱም ያንኑ ያህል ይቀንሳል። ጥሩ ለኪ የሚታወቀው እንዲህ ያለውን አስቀድሞ በማሰብ ነው።

አሁን የተማሪዬን ጥያቄ መመለስ እንችላለን። ከሁለቱም እኩል 25 ሚሊ ሊትር ወስደን ፊኖልፍታሊን ሮዝ የሚሆንበት ፒኤች ድረስ ብንሄድ፣ ከላይ ባሉት መጠኖች ነጩ 5 ሚሊ ሊትር ቤዝ ሲፈጅ ጥቁሩ ወደ 2.5 ሚሊ ሊትር ይፈጃል። በኃይል ጥቁሩ ይበልጣል፤ በጠቅላላ የአሲድ ክምችት ነጩ ይበልጣል። ክፍሉ ሲከፈል ሁለቱም ወገን ግማሽ እውነት ይዞ ነበር። የብርቱካን ጭማቂ ደግሞ ከሁለቱም ለዘብ ያለ ፒኤች እያለው 25 ሚሊ ሊትሩ 30 ሚሊ ሊትር አካባቢ ቤዝ ሊፈጅ ይችላል።

አምቦ ውሃስ?

ይህም ጥያቄ አይቀርም። የአምቦ ውሃም ይንፎለፎላል፤ ጋዙም እንደ ሌላው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ነገር ግን ሲትሪክም ፎስፎሪክም አሲድ አልተጨመረበትም፤ ከመሬት ይዞት የወጣው ማዕድን ባይካርቦኔት በብዛት ያለበት ነው። ጋዙ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ውሃ አሲድን የሚያለዝብ ስለሆነ፣ የምንለካውም በተቃራኒው፣ ቢዩሬቱ ውስጥ አሲድ ሞልተን ነው። አፍ ላይ የሚቆነጥጡ ሁለት መጠጦች ላቦራቶሪ ውስጥ እንዲህ ይለያያሉ።

ለጥርሳችን ምን ይነግረናል?

የጥርስ ውጫዊ ሽፋን፣ ኢናሜል፣ ፒኤቹ ከ5.5 ገደማ በታች በሆነ ነገር ውስጥ ማዕድኑን መልቀቅ ይጀምራል። ሁሉም ለስላሳ ከዚህ በታች ነው። የሚከላከልልን ምራቃችን ነው፤ ባይካርቦኔት ስላለው ልክ እንደ ቢዩሬቱ ቤዝ አሲዱን ያለዝባል። ክምችቱ የበዛ መጠጥ ምራቅን ረዘም ላለ ጊዜ ያሠራዋል፤ ፒኤቹ ዝቅ ያለ መጠጥ ደግሞ እንደቀመስነው ወዲያው ጠንክሮ ይጀምራል። ስለዚህ ለጥርስ ሁለቱም ቁጥሮች ያስፈልጋሉ። በዚህ ላይ ስኳሩ አለ፤ የአፍ ባክቴሪያዎች ስኳሩን በልተው የራሳቸውን አሲድ ይሠራሉ።

ጥርስ በአንድ ሌሊት ይቀልጣል የሚለው ወሬ እውነት አይደለም። እውነተኛው ጉዳት ዝግተኛ ነው፤ የሚወሰነውም በብዛቱ ብቻ ሳይሆን በድግግሞሹና በቆይታው ነው። አንዱን ጠርሙስ ከምሳ ጋር የጨረሰ ሰውና ከጠዋት እስከ ማታ እየተጎነጨ የዋለ ሰው የጠጡት አሲድ እኩል ነው፤ የሁለተኛው ምራቅ ግን ቀኑን ሙሉ ፋታ አላገኘም። ከጠጣችሁ በኋላ አፋችሁን በውሃ ተጉመጥመጡ፤ ጥርስ መቦረሽ ከፈለጋችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆዩ፤ አሲድ ያለሰለሰው ኢናሜል በብሩሽ ይፋቃልና። ለሕፃን ለስላሳ በጡጦ ሞልቶ መስጠትና አፉ ውስጥ እንዳለ ማስተኛት ፈጽሞ ሊደረግ የማይገባ ነገር ነው።

ለትምህርት ቤቶች

ብዙ ተማሪ ታይትሬሽንን የሚያውቀው ጥቁር ሰሌዳ ላይ በተሣለ ቢዩሬት ነው። ቀመሩን በቃሉ ይዞ ፈተናውን ያልፋል፤ ሮዟ ቀለም ስትመጣ ግን አላየም። ይህ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ከኬሚስትሪ ትምህርት ሁሉ ከዕለት ኑሮ ጋር በቀጥታ የሚገናኘው ይህ ነው።

ቢዩሬት የለም ማለት ሥራው የለም ማለት አይደለም። ያልተጠቀሙበት፣ መርፌ የሌለው የመድኃኒት ቤት ስሪንጅ ልኬት ተጽፎበታል፤ ባለ አንድ ሚሊ ሊትሩ እስከ 0.01 ሚሊ ሊትር ይነበብበታል። ናሙናውን አሳንሶ በስሪንጅ ታይትሬት ማድረግ በሌላው ዓለም ትምህርት ቤቶችም የተለመደ ነው፤ ኬሚካልም ይቆጥባል። ፊኖልፍታሊን ከጠፋ እርድ አለ። የተፈጨ እርድ በመድኃኒት ቤት አልኮል ውስጥ ዘፍዝፋችሁ ብታጣሩት የሚወጣው ቢጫ ፈሳሽ፣ ፒኤቹ 7.4 ገደማ ካለፈ በኋላ ወደ ቀላ ያለ ቡናማ መለወጥ ይጀምራል። ቀለም ለሌለው ለስላሳ በቂ ነው። አንድ ነገር ብቻ አይቀንስም፤ ጥንቃቄ። ኮስቲክ ሶዳ ቆዳንና ዓይንን ያቃጥላል። መነጽር ይደረጋል፣ በአፍ አይሳብም፣ ላቦራቶሪ የገባ ጠርሙስ ተመልሶ አይጠጣም፣ መምህር በሌለበትም አይሠራም።

ርእሳነ መምህራን፣ የወላጅ ኮሚቴዎች፣ ከውጭ አገር ሆናችሁ የተማራችሁበትን ትምህርት ቤት መርዳት የምትፈልጉም፣ ልመናዬ ይህ ነው፤ ለአንድ ክፍል ጥቂት ስሪንጅ፣ ጥቂት ፍላስክ፣ አንድ ርካሽ የፒኤች ሜትርና ለእያንዳንዱ ተማሪ መነጽር ግዙ። የቀረውን መምህሩ ከሱቅ አንድ ነጭና አንድ ጥቁር ለስላሳ ገዝቶ ይሞላዋል። የሚጠጣውን በገዛ እጁ የለካ ልጅ ስለ ምግብ፣ ስለ ውሃና ስለ መድኃኒት የሚነገረውንም ሁሉ «እንዴት ታወቀ?» ብሎ መጠየቅ ይለምዳል፤ ይህን ልማድ ለልጆቻችን ሳንሰጣቸው ትምህርት ሰጥተናቸዋል ልንል አንችልም።